በቼሪው ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉት ዲስኮች

ስህተትን ሰው ይምራል፤ ስህተቱን በውሸት የሚከድን ግን ምሕረቱንም አብሮ ይከድናል። በቲሳ ወንዝ ዳር ባለች፣ ሰርቦችና ሀንጋሪያውያን አብረው በሚኖሩባት አንዲት ትንሽ ከተማ የባህል ቤት ፊልም ጠባቂ የነበረው የቲሆሚር ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

የባህል ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ዴሳንካ፣ ያረጁት የፊልም ዲስኮች ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጡ፣ ዋናዎቹም በቁም ሣጥን ተቆልፈው እንዲቀመጡ አዘዙ። ቲሆሚር ከተማዋን ቀድሞ ስለመታው ጎርፍ የተሠራውን ፊልም ሲገለብጥ ኮምፒውተሩ በምስሉ ሥር የሚታየው የሰርብኛ የግርጌ ጽሑፍ ይካተት እንደሆነ ጠየቀው። «በሰርብኛ ለተሠራ ፊልም የሰርብኛ ጽሑፍ ምን ይሠራለታል?» ብሎ ተወው። ግልባጩንም ከዳር እስከ ዳር አይቶ እንከን አጣበት። አባቱ ሰርብ፣ እናቱ ሀንጋሪያዊት ነበሩና ሁለቱ ቋንቋዎች በጆሮው እኩል ይገባሉ፤ በፊልሙ ያለችው አሮጊት በሀንጋሪኛ ስትመሰክር ከሥር ይመጣ የነበረው ትርጉም መጥፋቱን ልብ አላለም። ከዚያም ትእዛዙን ንቆ፣ እንደ ሠፈሩ ሰው ልማድ፣ በብልጭታቸው ወፍ እንዲያባርሩለት ዲስኮቹን በጓሮው የቼሪ ፍሬ ዛፍ ላይ አንጠለጠላቸው።

ከወራት በኋላ አንድ እሑድ፣ በቲሆሚር ቤት የዓሣ ሾርባው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ከደቡብ ከኒሽ ከተማ የመጣው የልጁ ባል ራዶሽ የጎርፉን ፊልም ግልባጭ ያይ ነበር።

«አባባ፣ ሴትዮዋ ምን እያለች ነው?»

«ከሥሩ አታነብም እንዴ?»

«ምኑን ላንብብ? እኔ ከሀንጋሪኛ የማውቀው ስድቡን ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትሳደብ አትመስልም!»

ቲሆሚር ቀና ብሎ አየ። ከሥር ምንም የለም።

ወደ ጓሮው ሮጠ። ዲስኮቹ በነፋስ እየተሽከረከሩ ፊቱ ላይ ብርሃን ይወረውራሉ። ፀሐይና በረዶ ልጠዋቸዋል። አንድ በአንድ አውርዶ ሞከራቸው፤ ማጫወቻው አንድ በአንድ ተፋቸው።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ዴሳንካ በመተላለፊያው አገኙት።

«አቶ ቲሆሚር፣ ሐሙስ የጎርፉ መታሰቢያ ነው። ሰው ለማዳን ከደቡብ መጥተው በጎርፉ የሞቱት የእነዚያ ጀልባ ቀዛፊዎች ልጆች ይመጣሉ። ዋናዎቹ ዲስኮች በቦታቸው ናቸው አይደል?»

«በቦታቸው ናቸው፤ ቆልፌባቸዋለሁ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጥ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ላብ ያጠምቀው ጀመር። እንግዶቹ ባይመጡ፣ መብራት ቢጠፋ ብሎ ተመኘ። እውነቱን መናገር ግን አልሞከረም።

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። አሮጊቷ በፊልሙ ላይ ስለ ቀዛፊዎቹ የመጨረሻ ሰዓት በሀንጋሪኛ ስትናገር የከተማው ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እንግዶቹ ብቻ፣ ቋንቋው ስላልገባቸው፣ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ተነሣች።

«ሁላችሁም ታለቅሳላችሁ። ስለ አባቴ ምን አለች?»

«አቶ ቲሆሚር፣ ዋናውን ዲስክ ያምጡ» አሉ ወይዘሮ ዴሳንካ።

ቁልፉን ይዞ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ወይዘሮ ዴሳንካ ከኋላው ተከትለውት ሲከፍት ባዶ ሆኖ አገኙት።

«የት ናቸው?»

«ቼሪዬ ላይ ሰቅያቸው ተበላሹ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

ወይዘሮዋ ቁም ሣጥኑን ዘጉት። «የከተማችን ሰው ሁሉ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። ሰኞ ነግረውኝ ቢሆን በሦስት ቀን ጽሑፉን እንደ አዲስ እንሠራው ነበር።»

በማግስቱ ቁልፉን አስረከበ። ትእዛዝ በመጣሱና አለቃውን በመዋሸቱ ከሥራው ተባረረ፤ ይህም በጽሑፍ በባህል ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ።