ከፏፏቴው በላይ ያሉ ዓሦች

«ቆይ! እሱን አትልቀቂው!» አለች ሴትዮዋ፣ ጅረቱ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ እንደቆመች።

የዓሣ ተመራማሪዋ ባልዲው ላይ እንዳጎነበሰች ቀና አለች። እጇ ላይ ያለው ትንሽ ዓሣ ከፏፏቴው በታች የተጠመደ ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

«የታችኞቹን እዚህ ላይኛው ውሃ ልንለቅ ተስማምተን አልነበር እንዴ፣ እማማ?»

«ነጠብጣብ እንዳለው መቼ ነገርሽኝ?»

የጅረቱ ጠባቂ የሴትዮዋ ባል ነበር። ባለፈው በጋ ሲሞት ጥበቃው ወደ እሷ ዞረ፤ እሷ ካልፈቀደች አንድም ዓሣ ወደ ላይ አይገባም። እሱ በሕይወት ሳለ ከፏፏቴው በላይ ያሉትን በመረብ እያወጣ ያያቸው ነበር። ነጠብጣብ ያለበትን ካገኘ «ይሄ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ታች ይጥለዋል። የተጣለው ፏፏቴውን ወጥቶ አይመለስም። መረቡን የምትይዝለት እሷ ነበረች። ላይ የቀሩት ሁሉ ብር መሰሉ። ዘንድሮ ግን ጀርባው የጎበጠ በዛ፤ እንቁላሉም ሳይፈለፈል ነጥቶ ይቀራል።

«እስቲ ድገሚልኝ ልጄ፤ ጭንቅላቴ አልያዘውም።»

«የላይኞቹ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ያህል ይቀራረባሉ። እርስ በርስ ሲዋለዱ ነው እንዲህ የሚሆኑት። በሽታ ቢገባ አንዱን የገደለ ሁሉንም ይጨርሳል። የታችኞቹ ግን የተለያዩ ናቸው።»

«ነጠብጣቡስ?»

«መልክ ነው። ሰው ቀይና ጠይም እንደሚሆነው።»

ድንጋይ ላይ የተቀመጠው የባሏ ወንድም ሳቀ። «እኛ ቤት የሁሉም አፍንጫ አንድ ነው። አለቅን በሉኛ!»

«አንተ ዝም በል! ያንተን አፍንጫ ከየት እንዳመጣኸው እግዜር ይወቀው።»

የራሷ ሳቅ መሃል ላይ ጠፋባት። ታዲያ ያ ሁሉ ድካም ምን ነበር? ያዳንን መስሎን ስናጠፋ ነው የኖርነው? እሱ ቢኖር «ይቺ ልጅ አታውቅም» ይል ይሆን? ወይስ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን እያከከ «እንዲያ ነው እንዴ?» ይላል? ሁለቱንም ሲል ታውቀዋለች። ድምፁ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ የቱን እንደሚል ግን አይነግራትም።

አንድ ጎባጣ ዓሣ በእግሯ አጠገብ ወደ ጎን እየተንሻፈፈ አለፈ። አንዴ ባልዲውን፣ አንዴ ውሃውን አየች።

«እማማ፣ ውሃ ውስጥ ካልገባ ይሞትብኛል።»

«እሺ፣ ልቀቂው። እኔ ግን አላይም።»

ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ገባ?»

«ገባ።»

ባልዲው ውስጥ የቀሩት ዓሦች ሲራወጡ ይሰማታል።

«አንድ ብቻውን፣ በሰው አገር ምን ይሆናል?» አለች ሳትዞር። «ጨምሪለት እንጂ።»