ሃያ ሦስት ዲግሪ

ቅዳሜ አማቴ ለኩላሊት እጥበት አልሄዱም። ሐሙስ ከክሊኒኩ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ራሳቸውን ስተው ነበር። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ አንገታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ባደርግም የሚገባው ነፋስ ከእሳት አፍ የሚወጣ ነበር። ቅዳሜ ላለብሳቸው ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እዚያ ምድጃ ውስጥ ዳግመኛ አልገባም አሉ። ታክሲ ልጥራ ስላቸው ደግሞ ከልጄ መኪና በቀር አልሄድም አሉ። እማማ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ነርሷ ደወለች። አንዱን ቀን ሰውነታቸው ይችለው ይሆናል፣ ሁለተኛውን ግን አይችለውም አለችኝ። «ማክሰኞ ስምንት ሰዓት» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ከዚያ እራት ሠራሁ። ማንም አልበላውም።

ባለቤቴ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። መኪናው የእሱ ነው። እኔ ቤቱን እንደነበረ ይዣለሁ፤ መኪናውንም እንደዚሁ። መነጽሩ የሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው ያለው፣ ወንበሩን እንኳ ወደ እኔ ቁመት አላስጠጋሁትም። ፍሬኑን በጫማዬ ጫፍ ነው የምረግጠው።

ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቆመው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሁለት መካኒኮች በየተራ አይተውታል። አንደኛው ጋዝ ጨርሷል ብሎ ሞላው። ሁለተኛው ያኛው በደንብ አልሞላውም ብሎ እንደገና ሞላው። ከሁለቱም ቤት እንደገባሁ ላብ አጥምቆኝ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ነገረችኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድኩ። እማማንም ይዣቸው ነው የሄድኩት፤ ሲቀዘቅዝ በዓይኔ ካየሁ ከዚያው ወደ ክሊኒኩ እሄዳለሁ፣ ካላየሁ ወደ አልጋዬ ትመልሺኛለሽ ብለውኛል። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እግራቸው ከቅዳሜ ወዲህ አብጧል። ጫማቸው ስላልገባላቸው በነጠላ ጫማ ነበሩ።

ኤሌክትሪሺያኑ አንገቱ ላይ በገመድ የሚያንጠለጥላት የመብራት መለኪያ ቴስተር አለችው፤ ጋራዡ ውስጥ እሱንም የሚጠሩት ቴስተር ብለው ነው። የያዘውን መኪና እስኪጨርስ አምስት ሰዓት ሆነ። ኮፈኑን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ ገብቶ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁመተ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ የት እንደሚገባ ቸግሮት ወንበሩን ወደ ኋላ ሊገፋ እጁን ሲሰድ፣ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው አየና ተወው። ባለቤቴም ረጅም ነበር።

«የውጭው ሙቀት ስንት ይላል?» አለኝ ዳሽቦርዱን እያሳየ፤ መነጽሩን ረስቶ ነው የወጣው።

«ከዜሮ በታች አርባ።»

አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ሰማዩን አየ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀኝ። ኤሲው ከቆመበት ቀን ጀምሮ ነው አልኩት።

«እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን እያዩ ዝም አሉ?»

ዝም ብያለሁ። የምተዳደረው በስታቲስቲክስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቦታው የወጣ ቁጥር ስለቅም እውላለሁ። ይህንንም በየቀኑ አይቼዋለሁ። ከተበላሹት ነገሮች መካከል አልቆጠርኩትም።

ቴስተር ለእማማ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስረዳ። ፊት ለፊት ከፓራውልቱ፣ ከመኪናው መከላከያ፣ ኋላ የውጭውን ሙቀት የምትለካ ጣት የማታህል ሴንሰር አለች። እሷ ስትቋረጥ መኪናው በረዶ መሐል ቆሜያለሁ ብሎ ያምናል። በበረዶ ደግሞ ኤሲውን የሚያቀዘቅዘውን ኮምፕረሰር አያስነሳም፣ እንዳይጎዳበት። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ሌላውም ደህና ነው።

«ገባዎት እማማ? እርስዎ በሙቀት እያለቁ ነው፣ እሱ ብርድ ልብስ እየፈለገ ነው።»

«የማን መኪና ሆኖ» አሉ እማማ። «ባለቤቱም ሕፃን እያለ በጠራራ ፀሐይ ነበር ሹራብ የሚለብስብኝ።»

በሰባት ወር ውስጥ ስለ እሱ ሲያወሩ የሰማሁት የመጀመሪያው ነበር። እኔም አላወራም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም እንደ ሞላ ብርጭቆ ተሸክመነው ነው የምንዞረው።

ቴስተር ፓራውልቱን በካቻቢቴ ፈቶ ግማሹን ዝቅ አደረገና ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ሴንሰሩ የለም። በሴንሰሩ ፈንታ ሁለቱ ሽቦዎች የገቡት የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ነበር። ቀፎው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፣ ናስትሮው ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ቆርጦ አውጥቶ ሰጠኝ።

ቀን ነበረበት። ከቀኑ ሥር «ጊዜያዊ» ይላል።

ጽሕፈቱን አወቅሁት። ባለቤቴ ያልጠገነው ነገር ቤታችን ውስጥ የለም፤ የጠገነውን ሁሉ ደግሞ ቀኑን ይጽፍበትና «ጊዜያዊ» ይልበታል። የኩሽናው ቧንቧ ጊዜያዊ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ዘጠኝ ዓመት ጊዜያዊ ሆኖ ቆይቷል። እቃው ሲገኝ በደንብ እሠራዋለሁ ይል ነበር።

ቴስተር ናስትሮውን በጥንቃቄ ላጠው። ቀፎው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሬዚስተር ነበረች፤ አንድ እግሯ ዝጎ ተበጥሷል። ሰውየው የዋዛ አይደለም አለ። ይህቺን እዚህ ስታስገባ መኪናው ክረምት ከበጋ፣ ሌት ከቀን አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው፤ ኤሲውም በፈለግኸው ሰዓት ይነሳል። ቴስተሯን የሬዚስተሯን ሁለት ጫፎች አስነክቶ አሰላ።

«ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት ዲግሪ ይል ነበር አይደል?»

ነበር። ባለቤቴ ሞተሩን ሲያስነሳ «ዛሬ ሃያ ሦስት ነው፤ ምን ዓይነት ቀን ነው!» ይል ነበር። በየቀኑ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ወረቀቶቼን አገላብጣለሁ። ከሞተ በኋላም ስድስት ወር ሃያ ሦስት እያለ ነድቼዋለሁ። ቁጥር ሥራዬ ነው ብያለሁ።

ቀኑን ደግሜ አየሁት። አራት ዓመት ከሦስት ወር። እማማ ታመው ወደ እኛ ቤት የመጡበት ሳምንት ነው። የሚሰማኝን ጠበቅሁ። የመኪናው መከለያ ላይ ተደገፍኩ፤ ብረቱ ያቃጥል ነበር፣ ከዚያ ሌላ አልተሰማኝም።

«አምጪው» አሉ እማማ። ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። «እኔኮ አውቅ ነበር። ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ሃያ ሦስት ይለኛል። ሲያታልል ጆሮው ይቀላል። ዝም አልኩት፣ ደስ ይለው ነበር።»

ቀፎውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ዘጉት። ይስጡኝ ልል ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቴስተር ሁለት መንገድ አለ አለኝ። ሌላ ሬዚስተር በስታኞ ይበይዳል፣ አሥር ደቂቃ ነው፣ እንደ ድሮው ሃያ ሦስት ይላል። ወይም ጓሮ ከቆመች ኋላዋ ከተጨፈለቀች መኪና እውነተኛውን ሴንሰር ፈቶ ያመጣል፤ እሱ ግማሽ ሰዓት አያንስም፣ መሥራቱንም ለክቶ ነው የሚያውቀው።

«እንደነበረ ላድርገው?»

ሰዓቴን አየሁ፤ የእማማን እግር አየሁ። አሥር ደቂቃው ይሻል ነበር። ነገር ግን ያንን ቁጥር ሌላ ሰው እንዲሠራው አልፈለግሁም።

«እውነተኛውን ይግጠሙልኝ» አልኩት።

ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። በመካከሉ አንዱ ብሎን ዝጎ አልፈታ ብሎት ሲሳደብ ሰማሁ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ እስትንፋሳቸውን አየሁ። በሁለተኛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አልሞትኩም» አሉኝ።

ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕረሰሩ ከኮፈኑ ሥር ቀጭ አለ። እማማ ተደግፈውኝ መጡና መዳፋቸውን የአየር መውጫው ላይ አደረጉ። ረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ እሱ ከሞተ ወዲህ የሚገቡበትን የኋላውን በር አልፈው፣ እሱ ወደ ክሊኒኩ ሲወስዳቸው ይቀመጡበት የነበረው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀበቶውን አሰርኩላቸው።

መንገድ ላይ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ሠላሳ አራት ላይ ቆመ።

«ስንት ይላል?»

«ሠላሳ አራት።»

«ምን ዓይነት ቀን ነው» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

ለስምንት አምስት ጉዳይ ደረስን። ነርሷ ተቆጣችን፣ መዘነቻቸው፣ አስተኛቻቸው። መርፌው ገብቶ ማሽኑ መዞር ሲጀምር ቦርሳቸውን እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ከመስጠታቸው በፊት በነጻ እጃቸው ከፍተው ቀፎውን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ሐሙስ ስንመጣ ትመልሽልኛለሽ።»

«እሺ፣ እማማ።»

ማሽኑ ይዞራል። አራት ሰዓት ይፈጃል። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለነበር ጥላ ልፈልግለት ወጣሁ። ከማንቀሳቀሴ በፊት ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጋሁት።