ሩቁ ፍል ውሃ

ሰኢዳ ባሏን ከመታጠቢያ ገንዳው ማውጣት አቃታት። እጆቿን በብብቱ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ስትስበው እርጥብ ገላው አሟለጫት። እንደ ምንም ትንሽ ካነሳችው በኋላ ተንሸራቶ ተመለሰና ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ።

“ተይኝ፣ ትንሽ ልረፍ” አለ አብዱልመናን። ድምፁ አጠገቡ ላለ ሰው ካልሆነ አይሰማም።

“ውሃው እየቀዘቀዘ ነው እኮ፣ ይበርድሃል።”

“በርዶኛል።”

ሰኢዳ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጥታ ፊት ለፊት ያለውን በር ደበደበች። ጎረቤታቸው ኩምሳ ከሌሊት ሥራ መመለሱ ነበር፤ አንጸባራቂ ሰደርያውን አላወለቀም። ነገሩ ገብቶት ምንም ሳይጠይቅ ተከተላት። እሷ አንሶላ አምጥታ ውሃው ውስጥ ባሏ ላይ ጣለችበት። ኩምሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ አቀፈውና ከነአንሶላው ተሸክሞ አልጋው ላይ አስተኛው።

“ምንም አይደል ጋሼ፣ ሰው ለሰው ነው” ብሎ በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

 ሲመሽ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አብዱልመናን፣ “ከእንግዲህ ገንዳ ውስጥ አልገባም። በጨርቅ አብሺኝ” አላት።

 የቀረችለት አንዲት ምቾት ሙቅ ውሃ ነበረች። በሽታው መጀመሪያ የያዘው ጣቶቹን ነው፤ አንድ ክረምት ላይ የታክሲውን ቁልፍ ማዞር አቃተው፣ ብርድ ነው ብሎ ናቀው። ከዚያ እጁ፣ ከዚያ እግሩ፣ አሁን ደግሞ አንገቱና ድምፁ። ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም የነርቭ በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም አሏቸው። ሐኪሞቹ ማከሙን ትተው፣ ሕመም የምታስታግስ ነርስ ብቻ ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ ካለው ቤታቸው ድረስ እየመጣች ታየዋለች። የተኮማተረው እግሩ የሚፈታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነበር። ያኔ ዓይኑን ጨፍኖ “አልሃምዱሊላህ” ሲል ሰኢዳም አብራው ታርፋለች።

ዘዴውን ያመጣችው ልጃቸው ኢሽራቅ ናት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እዚሁ ሚኒሶታ ስለተወለደች ከእናቷ ጋር ስትነጋገር ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ከአባቷ ጋር ግን፣ ድምፁ መድከም ከጀመረ ወዲህ፣ በአማርኛ ለመናገር ትታገላለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ፊቱ ላይ ያዘችለት።

“አባ፣ እየው። ፍል ውሃ ነው፣ ከመሬት የሚወጣ። ይሄኛው ሳውዝ ዳኮታ ነው፣ አንድ ቀን ድራይቭ ብናደርግ እንደርሳለን። ቤት ውስጥ ነው። ሊፍት አለው፤ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ ማሽኑ ራሱ ውሃው ውስጥ ያወርድሃል። ማንም አይሸከምህም።”

“ሰው ይበዛዋል?”

“ዊኬንድ ካልሆነ ብዙም አይበዛም።”

“ያኛውስ?”

“ያኛው ዋዮሚንግ ነው። ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ እናድራለን። ከብት የሚያረባ ሰው መሬት ላይ ነው፣ ሜዳ ላይ። ውሃውን ማንም በፓምፕ አይስበውም፣ ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ለብቻችን ሬንት ማድረግ እንችላለን። ግን ሊፍት የለውም፣ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። ሶ፣ የመጀመሪያው ይሻላል፣ አይደል?”

አብዱልመናን ፎቶውን ብዙ አላየውም። ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ።

“ሩቁ ይሁን።”

“አባ፣ ሊፍት የለውም አልኩህ እኮ። እኔና እማ አንችልህም።”

“ሰምቻለሁ። ሩቁ ይሁን።”

ኢሽራቅ ልትከራከር አፏን ስትከፍት በሩ ላይ ልብስ ታጥፍ የነበረችው ሰኢዳ በዓይኗ ከለከለቻት። ነገሩ ገብቷታል። ደረጃ ወርዶ ሰው መሸከም የሚችል በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከዚህ ቤት ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የበኩር ልጃቸው ዙሀይር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሴንት ፖል ይኖራል። ፀሎት የምትባል የጴንጤ ልጅ ወደደ። አባቱ እሺ እንደማይለው ስላወቀ ሳይነግረው አገባት። አብዱልመናን የሰማው ኤርፖርት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። አንድ የማይቀርበው ሹፌር መስኮቱን አውርዶ፣ “እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅህን ዳርክ አሉ” አለው። የመስጊዱ ሼህ ቢመክሩት፣ “ክርስቲያን ማግባቱ ክልክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እኔን ያመመኝ እሱ አይደለም” ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁን ስም አልጠራም።

ሩቁ ፍል ውሃ በተመረጠ ማግሥት ሰኢዳ ሻኮፒ ከተማ፣ ዕቃ የምታሽግበት መጋዘን፣ እረፍት ሲሰጣት ወደ መኪና ማቆሚያው ወጥታ ለዙሀይር ደወለች።

“አባትህ ፍል ውሃ ውሰዱኝ ብሏል” አለችው።

“አላህ ያግራለት። ሰላም ነው ግን እማ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።”

“ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ማሽን የሚያወርድበት ነው። አንዱ ሰው ካልተሸከመው የማይገባበት ነው። የመረጠው ሰው የሚሸከመውን ነው።”

 የከባድ መኪናው ሞተር ሲያጉረመርም በስልኩ ይሰማታል።

“ስሜን ጠርቷል?”

አዎ ብትለው ዛሬውኑ እንደሚከንፍ ታውቃለች።

“አልጠራም” አለች። “እንዴት እዋሽሃለሁ? ግን አንተ ካልመጣህ የሚሸከመው እንደሌለ ያውቃል።”

“ስልኬን እኮ አያነሳም እማ። ለኢድ በሩ ላይ ቆሜ አንኳኩቼ፣ አንኳኩቼ ተመለስኩ።”

“አውቃለሁ” አለች ሰኢዳ። “ከበሩ ጀርባ ነበርኩ።”

ዙሀይር ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማች። ከዚያ እሱ፣ “መቼ ነው የምንሄደው?” አላት።

ማክሰኞ ጠዋት ዙሀይር ዊልቸር የምታስገባ ቫን ተከራይቶ መጣ። አብዱልመናን ጋቢውን ደርቦ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዙሀይር የአባቱን መክሳት እንዲህ አልጠበቀውም። ደፉ ላይ ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመ።

“አሰላሙ አለይኩም አባ።”

“ወአለይኩም ሰላም” አለ አባትየው።  “መኪናው ነዳጅ አለው?”

“ሞልቻለሁ አባ።”



አብዱልመናን ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ሲነዳ ማየት አይሆንለትም። ከተማውን ለቀው የበቆሎው ሜዳ ሲጀምር፣ “ከፊትህ ካለው ራቅ በል” አለ። ሰኢዳ ጎንበስ ብላ ሰምታ ለልጇ አቀበለችው።

“እሺ አባ።”

“መስታወትህን እይ።”

“እሺ አባ።”

አገር ለአገር ከባድ መኪና የሚያሽከረክረው ዙሀይር እንደ ለማጅ እየታዘዘ ነዳ። ሰኢዳ በመስታወቱ ስታየው ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል።

የሚዙሪን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ግን የአብዱልመናን ትንፋሽ አጠረ። ኢሽራቅ ለነርሷ ደወለች፤ አሳርፉት፣ ካልተሻለው መልሱት አለች። የመጀመሪያው ፍል ውሃ ያለበት ከተማ ደርሰው አደሩ። ሲነጋ ወደ ሩቁ ፍል ውሃ ገና ብዙ መንገድ ይቀራቸው ነበር።

“እማ፣ ኦክስጅኑ ወርዷል” አለች ኢሽራቅ ኮሪደሩ ላይ፣ በሹክሹክታ። “ሩቁ አይሆንም። እዚሁ እናስገባው።”

“አንተስ ምን ትላለህ?” አለች ሰኢዳ ወደ ልጇ ዞራ።

“እኔ የምለው የለኝም። አንቺ ያልሽው ይሁን።”

ሰኢዳ ከኦክስጅኑ ሌላ የፈራችው ነገር ነበራት። እዚህ ማሽን አለ። ወንበሩ ካወረደው፣ ልጁ የተጠራበት ጉዳይ ገና ሳይጀመር ሊያልቅ ነው፤ አብዱልመናን ደግሞ ሁለተኛ ምክንያት ለመፍጠር ዕድሜ የለውም። ገብታ አየችው። ከንፈሩ ጠቁሯል።

“ቅርቡ ይሁን” አለች። ይህን ስትል ከእጁ አንድ ነገር የቀማችው መሰላት። ለእሱ ስትነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

የፍል ውሃው ቤት ሰፊ ነው፣ ውሃው የብረት ሽታ አለው። ጥቂት ሽማግሌ ነጮች አንገታቸው ድረስ ገብተው ያወራሉ። አብዱልመናን እጀ ሙሉና ረጅም የዋና ልብስ ለብሷል፤ ጨርቁ አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የገንዳው ጠባቂ፣ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ልጅ፣ የማሽኑን ነጭ ወንበር እየገፋች አመጣች፤ የወንበሩንም ቀበቶ ፈታችለት።

አብዱልመናን ወንበሩን አየው፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ልጅቷ አልሰማችም። ኢሽራቅ ጆሮዋን አስጠጋች።

“ምን አለ?” አለች ሰኢዳ።

“ወንበሩ ይቅር አለ።”

አብዱልመናን ትንፋሹን ሰበሰበ። በዚያ ሁሉ ማስተጋባት መሀል ሁሉም ሰሙት።

“ዙሀይር የለም እንዴ?”

ዙሀይር ከዊልቸሩ ጀርባ ነበር። “አለሁ አባ” አለ። ከፊት ዞሮ መጣና አንድ እጁን ከጉልበቱ ሥር፣ አንዱን ከጀርባው አድርጎ አነሳው። አባቱ በጣም ስለቀለለው ደረጃው ላይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ወረደ። ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ የአብዱልመናን ጭንቅላት የልጁ ትከሻ ላይ ጋደል አለ፣ የታጠፉት እግሮቹም ቀስ እያሉ ተዘረጉ።

ሰኢዳ ዳር ላይ ተቀምጣ አየቻቸው። የባሏ ከንፈር ልጁ ጆሮ ሥር ተንቀሳቀሰ፤ ልጁም ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳለው ልትሰማ ፈለገች፣ አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ ለብቻው አግኝታ ጠየቀችው።

“እግርህን አጽና፣ ያዳልጥሃል ነው ያለኝ።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም እማ። ሁለቴ ነው ያለኝ።”

በዚያው ተመለሱ። ሚኒሶታ ከገቡ በኋላ ዙሀይር መንገዱን እያየ፣ “አባ፣ ፀሎት ሰላም ብላሃለች” አለ። መልስ አልመጣም። አብዱልመናን ዓይኑ ተከድኖ ነበር፤ ይተኛ፣ ይንቃ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሰኢዳ እንኳ አላወቀችም። ደግሞ የጠየቀውም የለም።

አብዱልመናን የዚያ ዓመት በረዶ መጣል ሳይጀምር ሞተ። ገላውን ካጠቡት አንዱ ዙሀይር ነበር። ወንዶቹ ፊሊፕስ ሰፈር ካለው መስጊድ ሰግደው ሲቀብሩ፣ ሴቶቹ ሆፕኪንስ ቤቷ ሰኢዳን ከበው ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ፍራሹ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ የሚያለቅሱት ያለቅሳሉ፣ ቁርኣን የሚቀሩት ይቀራሉ።

በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ልጅ ትልቅ ድስት ታቅፋ ገባች። ሻሿ ማሰር ባልለመደ እጅ ታስሮ ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ጫማዋን አወለቀች፤ ድስቱን የት እንደምታስቀምጥ፣ እሷም የት እንደምትቀመጥ አጥታ መሀል ላይ ቆመች። ለቅሶው ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሁሉም ያያታል።

ከሰኢዳ ጎን የተቀመጡት እትዬ ቱባ፣ ከወሎ ጀምሮ አብዱልመናንን የሚያውቁ ሴት፣ ጎንበስ ብለው፣ “ይቺ ልጅ ማናት ሰኢዳ?” አሏት። ዝግ ብለው ነበር ያሉት፤ ቤቱ ግን ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ።

የዙሀይር ሚስት ናት ብትል እውነት ነው፤ ማንም አይወቅሳትም። አብዱልመናን ስሟን አንስቶ አያውቅም። በመንገዱ ላይ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ ዝም ያለው፣ አሁን የሚነግራት የለም።

ሰኢዳ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ በእሷና በእትዬ ቱባ መሀል ቦታ ለቀቀች።

“የአብዱልመናን ምራት ናት” አለች። “ነይ ልጄ፣ ድስቱን ስጫቸውና እዚህ ተቀመጪ።”