«ገና ነው»

አድሚን ከሆንኩ ወዲህ ትዕግሥቴ አልቋል። «ረቂቅ» የሚባለው የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አዲስ አባል የራሱን ልብ ወለድ ከመለጠፉ በፊት የሦስት ሰው ሥራ አንብቦ አስተያየት መስጠት አለበት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ኤሌኒ ነኝ። አዲሶቹ ግን ሳያነቡ «አሪፍ ነው»፣ «በርቺ» እያሉ ያልፋሉ። አንዱማ ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለሚሆን ታሪክ «በሳቅ ገደልሽኝ» ብሏል።

ሐሙስ ጠዋት ከለቡ መብራት ኃይል ወደ መካኒሳ በሚኒባስ ስሄድ የፌኔትን ልጥፍ ከፈትኩና እንደልማዴ ቀጥታ ወደ አስተያየቶቹ ወረድኩ። ፌኔት የመጀመሪያ ታሪኳን የለጠፈችው ሰኞ ነው፤ እስካሁን ማንም ትንፍሽ አላለላትም። አሁን ሬድዋን የሚባል አዲስ ገቢ «ገና ነው» ብሎ ጽፏል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ደሜ ፈላ። ልጅቷ ተጨንቃ ለጻፈችው «ገና ነው»? አስተያየቱን አጠፋሁ፤ ሰውየውንም አስወጣሁት። መካኒሳ አቦ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ የምሠራበት ፎቶኮፒ ቤት ሆኜ የሬድዋን የድምፅ መልእክት ደረሰኝ።

«እህቴ፣ ምን አጠፋሁ? ልጅቷ እኮ መጨረሻ ላይ ‹የበዓሉን ስም አልጻፍኩም፤ የትኛው እንደሆነ አወቃችሁት?› ብላ ጠይቃለች። ገና ነዋ! አባትየው ለልጁ የመጫወቻ ዱላ ሲጠርብለት ነው ያወቅኩት። እኔም ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጫውቻለሁ።»

«ና»ን አጥብቆ ነው ያለው፤ የበዓሉን ገና። እኔ አላልቼ «ገና አልደረሰም» ብዬ ነው ያነበብኩት። በፊደላችን ማሳበብ እችል ነበር። ግን ጥያቄውን ያላየሁት ታሪኩን ስላላነበብኩ ነው። እኔው፣ ሕግ አውጪዋ!

ልመልሰው ግሩፑን ስከፍት ፌኔት ቀድማኛለች። «ከሰኞ ጀምሮ ማንም አላነበበውም። ዛሬ አጠፋዋለሁ፤ ጽሑፍ ለእኔ አይሆንም» ብላለች።

ደነገጥኩ። ሬድዋንን መልሼ አስገባሁና ሁሉም እያየ ጻፍኩ፦ «ፌኔት፣ እባክሽ አታጥፊው። ሬድዋን እስከ መጨረሻው አንብቦ ‹በዓሉ ገና ነው› ብሎሽ ነበር። መልሱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ታሪክሽን ሳላነብ። ይቅርታ።»

ፌኔት እኔን አልፋ ወደ እሱ ዞረች። «ሬድዋን፣ በምን አወቅክ?» አለች፤ ከዚያ «ዱላው ጋ ስትደርስ ምን ተሰማህ?»፣ ከዚያ ሌላ ጥያቄ። ታሪኩን አላጠፋችውም። እኔ ወረፋ የያዘውን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቄ ጥግ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመርኩ። በጣም ወደድኩት። አስተያየት ለመጻፍ ግን አፈርኩ።