ጎንበስ ያለችው ሴት

ማዕረግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሐውልቱ ሲያወራ፣ ወርቅዬ ሳህኑ ላይ ያለውን ንፍሮ በጣቷ እየገፋች ሰማችው። የባሏ ሠልስት ነው። ከመሳለሚያ ገባ ብሎ የተተከለው ድንኳን ሞልቶ ዘግይተው የመጡት ውጭ ቆመዋል። ማዕረግ፣ ባሏ ማሙሸት ዕድሜውን ሙሉ የቀረጸው ሐውልት ሁሉ ተሰብስቦ የቆመበት መናፈሻ ኃላፊ ነው። እዚያ መታሰቢያ እንደሚደረግ፣ እሷም ጥቂት ቃል እንድትናገር እንደሚፈልጉ ነገራት። በተለይ ሕዝቡ ስለሚወዳት፣ ጆንያ ተሸክማ ጎንበስ ስላለችው ሴት።

«ማን እንደሆነች ሰው ሁሉ ይጠይቀናል» አለ። «እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ…»

ልጇ እድላዊት የእናቷ ፊት ሲለወጥ አይታ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

ድሮ ማሙሸት ጓሮ ለሐውልቶቹ ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ቤቱን የምታቆመው ወርቅዬ ነበረች። ማለዳ አትክልት ተራ ወርዳ፣ ጉልት የምትቸረችረውን ሽንኩርት በጀርባዋ ታመጣለች። አንድ ቀን ጆንያዋን እንደተሸከመች ስትገባ «እንዳለሽ ቁሚ» አላት። ቆመች። ወረቀትና እርሳስ ፈልጎ እስኪያመጣ፣ ቁጭ ብሎ እስኪስል፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ቆመች። ከዚያ በኋላም ከሥራ ስትመለስ ሸክሟን ሳታወርድ ያቆማት ጀመር። አርግዛ ነበር። ሥራው እንዳይቋረጥበት ብላ አልነገረችውም። ፅንሱ ሲወርድ ሆዴን ነው ብላ ተኛች፤ እሱም ሌላ ነገር አልጠየቃትም።

መናፈሻው ሲመረቅ ጋዜጠኛ መጥቶ ይህች ሴት ማን ናት ሲለው፣ ወርቅዬ ከሰው ኋላ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ማንም አይደለችም» አለ ማሙሸት። «የአገሬ እናት ናት።»

ሰው አጨበጨበ። ማታ እራቱን አቀረበችለት። ለምን እንደዚያ እንዳለ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ ስትል ዓመታት አለፉ፤ አሁን ሳትጠይቀው ሞተባት።

«እኔ ነኝ» አለችው ማዕረግን። «ጆንያው የሽንኩርት ነው። ሆዴ ውስጥ ልጅ ነበር፤ እሱ አላወቀም። አንድ ቀን እንኳ አውርጂው ብሎኝ አያውቅም።»

አጠገባቸው የተቀመጠው የማሙሸት ታላቅ ወንድም ጥጋቡ ተቆጣ። በሠልስቱ ሙት መውቀስ ነውር ነው አላት።

«በቁሙማ ጊዜ አልነበረውም፣ ጋሼ።»

ማዕረግ ስሟን ሐውልቱ ሥር እናስጽፋለን ብሎ ቢጀምርም አልሰማችውም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ተነሥታ ወጣች። ሐዘንተኛ ድንኳን ጥላ ስትሄድ ሰው ጉድ አለ። እድላዊት ተከትላት ሚኒባስ ውስጥ ገባች፤ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀችም።

መናፈሻው ውስጥ ሰዎች በማሙሸት ሐውልቶች መሀል ፎቶ ይነሣሉ። ወርቅዬ ማንንም ሳታይ ጎንበስ ካለችው ሴት ፊት ደረሰች። ፊት ለፊት አይታት አታውቅም። ሐውልቷ ጓሮ ሳለች ሸራ ለብሳ ነበር፣ በምረቃው ዕለትም የታያት ጀርባዋ ብቻ ነው። ያበጠው የአንገቷ ሥር፣ የሻሿ ቋጠሮ፣ ሁሉም የራሷ ነው። አንደኛው እጅ የጆንያውን አፍ ጨብጧል። ሌላው እጅ ግን ሆዷ ሥር ነው፤ ጣቶቹን ዘርግቶ ከታች ደግፎ ይዟል።

እንደዚያ መቆሟን ራሷም አላወቀችም ነበር።

«አይቷል» አለች ለእድላዊት። «ያን ጊዜ አይቷል። አይቶ ነው ዝም ያለኝ።»

ስንት ዓመት አላወቀም እያለች ነበር የማረችው። እጇን አንሥታ የሐውልቱን ትከሻ በጥፊ መታችው። ሲሚንቶው መዳፏን አቃጠላት። ደግማ መታችው፤ ፎቶ የሚነሡት ዘወር አሉ። እንደገና ስትመታው ግን እጇ ትከሻውን ጨብጦ እዚያው ቀረ። እድላዊት ልታነሣላት ብትሞክርም ጣቶቿ አልለቀቁም።