ስድስት መቶ አርባ እርምጃ

ጋሽ ሜትር ወንበሩን ወደ ጥግ የጎተቱት ከዓይን ሐኪሙ በተመለሱበት ዕለት ነው። ጃኬታቸውን እንኳ አላወለቁም። በመስኮቱ ሥር፣ ከካርታ ጥቅሎቻቸው አጠገብ ዕድሜውን የፈጀውን ባለመደገፊያ ወንበር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቁም ሣጥኑና ግድግዳው እስከሚገናኙበት ድረስ ወሰዱትና ቁጭ አሉበት። «በቃ» አሏት ልጃቸውን፣ «ዕቃ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል፤ የእኔም ቦታ ይኸው።»

ሰውየው ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ መሬት ሲለኩ ኖረዋል። «ሜትር» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ምን ያድርጉ፣ ምግብ ቤት ገብተው እንኳ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳያውቁ ዳቦ አይቆርሱም። አሁን ሐኪሙ ግላኮማ ያለው በሽታ የዓይናቸውን ዳር ዳር በልቶ ጨርሶ ወደ መሀል እየመጣ ነው። የቀረችውም መሀሏ «ዓመት ብትቆይ ነው» ተብላለች። «ዕድሜ ልኬን መሬትን በመቀየሻ መሣሪያ ቱቦ ሳይ ኖሬ፣ ይኸው ቱቦው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ» ብለው ሐኪሙን አሳቁት።

ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ «ከበሩ ላይ ዞር በሉ!» ስትል ውላ ድምፅዋ ሰልሎ ትገባና፣ አባቷን እዚያው ጥግ ታገኛቸዋለች፤ ሬዲዮው እንደተዘጋ፣ መጋረጃው እንደተጋረደ። አንጀቷን በሏት። በስምንተኛው ቀን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊታቸው ገተር አለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ታያለህ ብትባል ምን ማየት ትፈልጋለህ?»

«ምንም።»

«አትዋሽ።»

ጋሽ ሜትር ጉልበታቸውን አሻሹ። «ምሰሶዬን» አሉ በመጨረሻ።

ምሰሶው በወጣትነታቸው ተራራ አናት ላይ ያቆሙት፣ እስከ ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ የቅየሳ ምልክት ነው። ሲሚንቶው ገና ሳይደርቅ ነበር በመገናኛ ሬዲዮ «ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች» የተባሉት። በምልክት ላይ ከቁጥር በቀር ምንም እንዳይጻፍ ደንቡ በጥብቅ ይከለክላል። ደንብ አክባሪው ጋሽ ሜትር በዕድሜያቸው አንዴ ደንብ የጣሱት ያን ቀን ነው፤ ምስማር አንስተው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አንዲት ነገር ጻፉ። ምን እንደሆነች ለሟች ሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

«አንቺም አይተሽው፣ እኔም አንዴ አይቼው፣ ከዚያ ዓይኔ ይጥፋ። ጥጌን እይዛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንንም አላስቸግር» አሉ።

ልጅቱን ከሁሉ ያስፈራት ይሄ ስለ ጥጉ የተናገሩት ነገር ነው። የአባቷን ግትርነት ታውቀዋለች፤ እይዛለሁ ካሉ ይይዛሉ። በማግስቱ አለቃዋን ለምና የሁለት ቀን ፈቃድ አወጣች፤ ድንኳንም ተዋሰች።

ተራራው ሥር የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ድንኳኑን ለመትከል ያደረጉት ጭቅጭቅ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። «ገመዱ ዘጠና ዲግሪ አልያዘም» ይላሉ አባት፤ «አባዬ፣ ልንተኛበት ነው እንጂ ካርታ ልናወጣበት አይደለም!» ትላለች ልጅ። ድንኳኑ እንደምንም ቆሞ፣ እሷ የዓሣ ቆርቆሮ እየከፈተች ሳለ ጋሽ ሜትር በድንገት «እሪ!» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። መዳፋቸውን እርጥብና ቀዝቃዛ ነገር ነክቷቸዋል።

ውሻ ነው። አመድማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ አንገቱ ላይ ማሰሪያ የሌለው። አባት ከዳር የሚመጣ ነገር ስለማያዩ አፍንጫው እስኪነካቸው ድረስ መምጣቱን አላወቁም ነበር። ውሻው ደንግጦ አልሸሸም፤ ጭራውን እየቆላ ተጠጋና አገጩን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረገ።

«ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ እኮ! ሰው አይፈራም እንዴ?» አለች ልጅቱ እየሳቀች። ቁራሽ ዳቦ ወረወረችለት። ዳቦው አፍንጫው ሥር ቢወድቅም ውሻው ግራ ቀኙን ሲያሸት ሲያሸት ቆይቶ ነው ያገኘው። ወዲያው ሲዞር ደግሞ የድንኳኑ ገመድ አደናቀፈው።

«ይሄስ ጠጥቶ የመጣ ነው» አለች።

«ተይው፣ ደክሞት ይሆናል» አሉ ጋሽ ሜትር። እጃቸው የውሻው ራስ ላይ ቀርቷል። «ስሙ ችካል ይሁን። አየሽ፣ አንዴ ቦታ ከያዘ አይነቃነቅም።»

ችካል ያን ሌሊት ድንኳኑ አፍ ላይ ተኛ።

ሲነጋ ዓለም የለችም። ጭጋጉ ተራራውንም፣ ሜዳውንም፣ የራሳቸውን ድንኳን ጫፍም ውጦታል። ልጅቱ ራሷን አወጣችና መለሰችው።

«አባዬ፣ ይቅርብን።»

«ነገ ሥራ ትገቢያለሽ። የሚቀጥለው ፈቃድሽ መቼ ነው?»

«ከስድስት ወር በኋላ።»

ጋሽ ሜትር ጫማቸውን ማሰር ጀመሩ። ከዚህ በላይ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። የዛሬ ስድስት ወር ዓይን ስለመኖሩ ማን ዋስ ይሆናል?

ደግሞ እሳቸው ጭጋግ መች ያስፈራቸዋል! ከደረት ኪሳቸው ጠርዙ ያለቀ አሮጌ የመስክ ደብተር አወጡና ልጃቸውን አስነበቧት። በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ «ከተሰነጠቀው ዓለት ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ወደ ፊት። ከዚያ ወደ ቀኝ» ይላል። «በቃ፣ ይኸው ነው። እንኳን በጭጋግ፣ ዓይኔን ታስሬም እወጣዋለሁ» አሉ። ያሉትን ራሳቸው ሰሙትና ደብተሩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

የተሰነጠቀውን ዓለት በዳሰሳ አገኙት። መንገዱ ከዚያ ወዲያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለሆነ ዱካ የለውም። ጋሽ ሜትር ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ልጅቱ የጃኬታቸውን ጅራት ይዛ ትከተላለች። ችካል ፊት ፊታቸው ይሄዳል፤ አፍንጫውን ከመሬት ሳያነሳ፣ የፊት እግሩን አስቀድሞ ቧጨር እያደረገ።

«ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት… ሠላሳ ዘጠኝ… አርባ!» ጋሽ ሜትር ቆሙ፤ ፊታቸው በራ። «ወደ ቀኝ!»

ወደ ቀኝ ሲዞሩ ችካል ተመልሶ መጣና እግራቸው መሀል ተጋደመ።

«ወግድ አንተ!»

አልወገደም። ሊሻገሩት ሲሉ ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ጉልበታቸውን ተደገፈ። ገፉት፤ መልሶ ገፋቸው። አልጮኸም፣ አልነከሰም፤ ዝም ብሎ ብቻ እንቢ አለ።

«ደብተሬ ላይ ተጽፏል እኮ!» ብለው ተቆጡ፣ ውሻው ማንበብ የሚችል ይመስል።

ልጅቱ ሹፌር ናት፤ ማየት በማይቻልበት ቦታ ፍሬን ትይዛለች እንጂ አትነዳም። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣችና አባቷ ሊረግጡ ወዳሉበት ወረወረችው። የድንጋዩን ድምፅ ጠበቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ከታች፣ ከሩቅ፣ ከገደሉ ሆድ «ጓ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁለቱም እዚያው ቁጭ አሉ። ልጅቱ አባቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ጋሽ ሜትር የሚያስቡት ግን ስለ ሞት አልነበረም።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «እግሬ ነው ልክ ያልሆነው። ስድስት መቶ አርባ ያልኩት በሠላሳ አምስት ዓመቴ እግር ነው። ዛሬ እርምጃዬ አጥሯል። ይሄን… ይሄን ገና ሥራ የጀመረ ልጅ ያውቀዋል። አንቺን ይዤ ገደል ልገባ ነበር እኮ። ሐኪሙ እውነቱን ነው፤ እኔ አልቄያለሁ። እንመለስ።»

«እሺ» ልትል አፏን ስትከፍት ችካል የአባቷን እጅጌ በጥርሱ ያዘ። ቀስ ብሎ ጎተተ። ለቀቀና ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ ጠበቀ። እንደገና መጣና ያዘ። መመለሻው ወደ ኋላ ነው፤ እሱ የሚጎትተው ወደ ፊት ነው።

«አባዬ» አለች ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «ባይሆን አሁን መሪውን ለእሱ እንስጠው።»

ጋሽ ሜትር የውሻውን ጀርባ ያዙ። ከልማድ የተነሣ ቆጠራቸውን ከነበረበት ቀጠሉ፤ አሁን ግን በሹክሹክታ። ስድስት መቶ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት… ሰባት መቶ… ስምንት መቶ… ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ ችካል በራሱ ጊዜ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጋሽ ሜትር በሆዳቸው አሰሉት፤ ከአራት እጅ አንዱን ያህል እርምጃቸው ጠፍቷል። ውሻው የእሳቸውን ስህተት በእርምጃ ልክ አርሞላቸዋል።

ዳገቱን ወጡ። አንድ ጊዜ ጭጋጉ ነጭ ነበር፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ራሳቸው ከውስጡ ብቅ አሉ፤ ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንደወጣ ሰው።

ልጅቱ «ኧረ!» አለች።

ከእግራቸው ሥር ደመናው እስከ ሰማይ ዳርቻ ተንጣሏል። እዚህም እዚያም የሌሎች ተራሮች ጫፍ ብቅ ብሏል። ፀሐይ ከደመናው ወለል ላይ ገና ተነሥታ ሁሉንም ወርቅ እያለበሰችው ነው። ነፋስ የለም፣ ድምፅ የለም። በየቀኑ ሺህ ሰው የምታጓጉዘው ሴት፣ እዚያ ጫፍ ላይ ቆማ ዓለም ገና ዛሬ ተፈጥራ ያየቻት መሰላት።

ጋሽ ሜትር ሁሉን በአንዴ ማየት አይችሉም። በቀረችላቸው ጠባብ ቱቦ ከግራ ጀምረው፣ አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ፣ ጫፍ በጫፍ፣ ተራራ በተራራ ለቀሙት። እስከ ቀኝ ሲደርሱ ጉንጫቸው ርሷል። ከዚያ ምሰሶውን አዩት። የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ ሽበቱን በጥፍራቸው ፋቁት። በምስማር የተጫሩት ፊደሎች ወጡ፤ ልጅቱ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ከዛሬ ጀምሮ ይለካ።»

«አንቺ የተወለድሽ ቀን ነው» አሉ። «ያ ሁሉ መሬት፣ ያ ሁሉ ቁጥር ከዚያ ቀን በፊት ለእኔ ምንም አልነበረም።» ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ደግሞ ሳቁ።

ዞር ስትል ችካልን አየችው። ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ፊቱን ለፀሐይዋ ሰጥቷል። እሷ እጇን ግንባሯ ላይ ካላደረገች ማየት በማትችለው ብርሃን ፊት ዓይኖቹን አፍጥጧል፤ አንዴም አላርገበገባቸውም። ቀረብ አለች። ዓይኖቹ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ናቸው። እጇን ፊቱ ላይ አወዛወዘች። ምንም የለም። ትናንት የወረወረችለት ዳቦ፣ ያደናቀፈው ገመድ ትዝ አላት።

«አባዬ» አለች። «አባዬ፣ ችካል አያይም።»

«ምን?»

«ዕውር ነው። ሁለቱም ዓይኑ ጠፍቷል።»

ጋሽ ሜትር ውሻው ፊት ተንበረከኩ። በመዳፋቸው ፊቱን ያዙ፤ ነጩን ዓይን በጠባቧ ብርሃናቸው አንድ በአንድ አዩት። ያን ገደል ያወቀው፣ ያን መታጠፊያ ያልሳተው፣ እዚህ ድረስ ያመጣቸው ይሄ ነው። ከደመናው በላይ ካዩት ሁሉ ይሄ በለጠባቸው። ቆባቸውን አወለቁ።

«አንተ…» አሉ። ችካል አፍንጫቸውን ላሳቸው።

ለመውረድ ሲነሡ ልጅቱ ክንዷን ሰጠቻቸው። አልያዙትም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸውን የውሻው ጀርባ ላይ አደረጉና «አንድ» አሉ።

«አባዬ! ምን እየሠራህ ነው? ክፈተው እንጂ፣ ገደል አለ!»

«ሁለት። እኔ ልማድ ላድርገው፤ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ገደሉን ጠብቂልኝ። ሦስት።» ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ጠየቁ። «ከቤታችን በር ጀምሮ እስከ አውቶቡስሽ ፌርማታ ስንት እርምጃ ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ቆጥሬው አላውቅም።»

«እኔ እቆጥረዋለሁ። በአዲሱ እግሬ» አሉ። «ቤት ስንገባ ያን ወንበር ከጥግ አውጪው፤ መንገድ ይዘጋብኛል።»