መርፌው ነው

ልብስ ሰፊው ሄፓታይተስ እንዳለበት በሐኪም የተነገረው ቀን፣ ለሚስቱ የነገራት እየሳቀ ነበር። "ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስወጋ ኖሬ፣ ጨርቁ ብድሩን ሊመልስ መጣ" አላት። ቫይረሱ ጉበቱ ውስጥ ከገባ ዓመታት ሆኖታል፤ ሕክምናው በየሳምንቱ ሆዱ ላይ የሚወጋው መርፌና በየቀኑ የሚውጠው ክኒን ነው፤ አንድ ዓመት ይፈጃል። ሚስትየው ልታለቅስ ስትል ሳቋ ቀደማት። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሰፈሩ "ተረበኛው" ይለዋል፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪውን ረስቶ ቀልዱን ብቻ ይዞ የሄደበት ጊዜ ብዙ ነው።

መርፌውን በራሱ እጅ እንዴት እንደሚወጋ ያሳየችው ሲስተር፣ ያን ቀን ሚስትየውን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ ጠራቻት።

"እህቴ፣ ይሄ መድኃኒት ሰውን ያስከፋል። ያለ ምክንያት ሊቆጣ፣ ሊያለቅስ፣ ከሰው ሊሸሽ ይችላል። ያን ስታዪ ንገሪኝ። መኖር አስጠላኝ የሚል ነገር ከተናገረ ደግሞ ቀጠሮ እንዳትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ይዘሽው ነይ።"

"እሺ ሲስተር" አለች። ጆሮ ግን የፈለገውን ይዞ የቀረውን ይጥላል። የእሷ ጆሮ ይዞ የሄደው ቁጣውንና ለቅሶውን ነው።

ቁጣው ለመምጣት ብዙም አልቆየም። እጅጌው አጠረብኝ ያለችውን ደንበኛ "እጅዎ ነው የረዘመው" አላት። ድሮ ቢሆን ሴትየዋ ራሷ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን በድምፁ ውስጥ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኮቷን መንጭቃ ወጣች። ሚስትየው ካውያውን አስቀምጣ እስከ በር ተከተለቻት። "አይቀየሙት፣ መርፌው ነው" አለቻት። ሌላ ቀን ደግሞ ልጃቸው ሬዲዮ ስለከፈተች ጮኸባት። ልጅቷ ስታለቅስ እናቷ እቅፍ አድርጋ "አባትሽ አይደለም የኔ ልጅ፣ መርፌው ነው" አለቻት።

ቃሉ ቤቱን ደግፎ ያዘው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ቃል ነበር፤ እነዚያን ወራት ማንም ማንንም ሳይቀየም ያደረው በእሱ ነው። ልጅቷም ለመደችው። አባቷ እራቱን ሳይጨርስ ሲነሳ፣ እናትና ልጅ ይተያዩና በከንፈራቸው ብቻ "መርፌው" ይባባላሉ። እሱም ያያቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አልነበረም። እሱ ማሽኑን መርገጥ አቁሞ ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ።

"አንቺ" አላት።

"ወዬ።"

"እኔ እኮ መኖር አስጠላኝ።"

የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ክው አለች። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ እጁ የሚይዘው ቅርቡን ነው።

"መርፌው ነው፤ ያልፋል" አለችው።

ቀና ብሎ ብዙ አያት። "እሺ፣ መርፌው ነው" አለና መርገጡን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳም፤ እሷም ተመስገን አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ተረት ያመጣው ሰው፣ ዝም ያለ ሰው አጠገብ ተኝቶ አያውቅም ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉትስ? ይሄ ሰው መች ደበቀ! በጠራራ ፀሐይ፣ ከገዛ ሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነገራት እንጂ።

ከሳ። የገዛ ሱሪውን ወገብ ያጠባል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ያጠባል። ቀልድ የለመዱ ደንበኞች ሲመጡ "ምነው ዛሬ?" ይሉታል፤ እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ልካቸውን ይወስዳል።

ወር አልፎ ደግሞ ተናገረ። የዚያን ቀን ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ዛሬ የምልሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ" አላት ረጋ ብሎ። "ጠዋት ስነቃ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ። ልጄን ሳያት እንኳ ደስ አይለኝም። ፈርቻለሁ።"

ጉልበቱን ቸብ ቸብ አደረገችው። "አይዞህ የኔ ጌታ። መርፌው እኮ ነው። ሊያልቅ ነው።"

ፈገግ አለ። እሷ ፈገግታውን የደህና ምልክት አድርጋ ወሰደችው፤ ለልጇም "አባትሽ እየተሻለው ነው" አለቻት።

ከሳምንት በኋላ ፍሪጁን ልትወለውል ከፈተች። መርፌዎቹ የሚመጡባቸውን ካርቶኖች እሱ ሲጨርስ እዚያው መልሶ የመደርደር አመል ነበረው፤ ባዶዎቹን ልትጥል አንዱን ስታነሳ ውስጡ ኳ አለ። ከፈተችው። የመርፌው ክዳን እንኳ አልተነካም። ቀጥሎ ያለውንም ከፈተች፣ የሚቀጥለውንም። የመጨረሻዎቹ በሙሉ እንዳሉ ናቸው። ሁለቱን በእጇ እንደያዘች ማሽኑ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"መቼ ነው የተውከው?"

"መርፌው ነው ካልሽኝ ቀን ጀምሮ።"

"ጉበትህስ? ልትሞትብኝ ነው እንዴ?"

"እንድትሰሚኝ ነው" አላት። "ሰውነቴ ውስጥ መርፌ ከሌለ፣ የምናገረው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ ብዬ። ቀናት ቆጥሬ፣ ከላዬ ወጥቷል ስል መጥቼ ነገርኩሽ።"

"መተውህን አልነገርከኝማ!"

"ብነግርሽ የምታለቅሺው ለመርፌው ነበር።"

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ብታለቅስ ለመርፌው ነበር የምታለቅሰው። መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል፣ እግሩ ሥር።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ሲስተሯ አልጮኸችባትም፤ ብትጮህባት በቀለላት። "እህቴ፣ እኔ የነገርኩሽ እንድትችዪው አልነበረም፤ እንድትነግሪኝ ነበር" ብቻ አለቻት።

"ታዲያ መርፌው አልነበረም ማለት ነው?"

"መርፌውም ሊሆን ይችላል። መርፌው ቢቆምም ሐዘኑ ወዲያው አይለቅም። መርፌውም ይሁን እሱ፣ የታመመው ሰው ያው አንድ ነው።" ቀጥላም ሕክምናው ምናልባት ከሀ ሊጀመር እንደሚችል፣ ያንን ሐኪሙ እንደሚወስን፣ ከዚያ በፊት ግን የአእምሮ ሐኪም ዛሬውኑ እንደሚያየው ነገረቻቸው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊው አዞረች።

"ወንድሜ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ውስጥህን ምን ይሰማሃል?"

ሚስትየው እንደ ልማዷ "እሱ..." ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

ልብስ ሰፊው ሲስተሯን አላያትም። ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ልናገር?" አላት።

ያ ሰፈሩን ሁሉ ያስቅ የነበረ ሰው፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ሚስትየው አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች። እሱ ግን ያንን ቃል ደግማ እንዳትለው የሚጠብቅ ይመስል፣ ዓይኑን ከአፏ ላይ አላነሳም።